ሐዋሳ ላይ የቅዳሜ የእንጨት ማህበራችን እንዴት ነው የሚሰራው (መጀመር ለምትፈልጉ)

እንጨት መነካካት የሚወድ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ማሽኑን ከየት አመጣችሁት?" ብሎ ነው። ማሽን የለንም ስለው ፊቱ ይቀየራል። እውነቱን ለመናገር በምንሰበሰብበት ግቢ አንድ ሰርኩላር (በመብራት የሚሰራ ክብ መጋዝ) እና አንድ የመላጊያ ማሽን አለ ግን የግቢው ባለቤት የጋሼ ናቸው፣ የሳቸው እንጀራ ነው፣ ማህበሩ የሚያዝባቸው አይደሉም። የኛ የምንለው መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ጀበና እና ትንሽ ህግ ነው፣ በቃ። ይሄን የምፅፈው አዳማም ይሁን ዲላ ወይ ሌላ ቦታ "ብር ሲኖረን እንጀምራለን" እያሉ ለተቀመጡ ሰዎች ነው፣ ምክንያቱም እኔ ካየሁት እንዲህ አይነት ስብስብ የሚፈርሰው በማሽን እጦት አይደለም፣ በእቃ መዋዋስ፣ በገንዘብ እና በኩርፊያ ነው።

እኛ ማለት ማን ነን፣ ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ አናጺ ናቸው፣ ግቢውም የሳቸው ነው አቶቴ አካባቢ። አንድ ጡረታ የወጡ የቴክኒክ መምህር አሉ፣ አንድ ነርስ አለች፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሰራ ልጅ አለች፣ ሌሎችም አሉ፣ እኔ ቀን ቀን ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ እንገናኛለን፣ ሲመሽ እንበተናለን። ቡናው ተራ ተራ ነው የሚፈላው፣ ወንድ ሴት የለም፣ የባጃጁ ልጅ ተራ ሲደርስ ሁሉም ሰው "ዛሬ ሻይ ይሻላል" ይላል ግን ህግ ህግ ነው እንጠጣለን። አቦሉ ሳይጠጣ መጋዝ የሚያነሳ የለም። መጀመሪያ ላይ ይሄ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር፣ በኋላ ሳየው ግን የሳምንቱን ስራ የምናከፋፍለው፣ ማን ምን ላይ እንደተጣበቀ የምንሰማው፣ ማን ለቅሶ እንዳለበት ማን እንዳመመው የምናውቀው እዛች ሰዓት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ መሳሪያ። አንድ ሰው ብቻውን የተሟላ መሳሪያ ልግዛ ቢል ደሞዝ አይበቃውም። እኛ የምናደርገው የመሳሪያ እቁብ ነው። በየወሩ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ እጣ ይወጣል፣ ልዩነቱ የደረሰው ሰው ብር አይቀበልም፣ እቃ ነው የሚገዛለት። ጋሼ ወይ መምህሩ አብረውት ሄደው ይገዛሉ። ይሄ "አብሮ ሄዶ መግዛት" የሚለው ነገር ቀላል ይመስላል ግን ለጀማሪ ከእቁቡ ብሩ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ብቻውን የሄደ ሰው የሚያብረቀርቅ ነገር ገዝቶ ነው የሚመጣው። አንዴ አንዱ ልጅ ብሩን በጥሬው ካልሰጣችሁኝ ብሎ ትልቅ ጭቅጭቅ ሆኖ ነበር፣ እናቱ ታማበት ነው፣ እና የተስማማነው ምንድነው፣ እንዲህ አይነት ችግር ሲመጣ ከእቁቡ አይነካም ለብቻው እናዋጣለን። አዋጣን ሰጠነው። እቁቡ ግን እቁብ ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ አንዴ ከለቀቃችሁ የሚቀጥለው ወር ሁሉም ምክንያት ይዞ ነው የሚመጣው።

መላጊያ ስትገዙ አዲስ ርካሽ ከምትገዙ አሮጌ ብረት ፈልጉ። አዲሳባ የሚመላለስ ሰው ካላችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ላይ የድሮ መላጊያ ይገኛል፣ ዝገቱ አያስፈራችሁ፣ ዝገት ይለቃል። የምታዩት ሶስት ነገር ነው፣ ሆዱን ገልብጣችሁ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ወይ ስኳድራ አስቀምጡበትና ወደ ብርሃን ያዙት፣ ብርሃን በሰፊው የሚያሳልፍ ከሆነ ተዉት። ሁለተኛ ምላጩ የሚወጣበት አፉ አካባቢ ስንጥቅ ካለው በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ሶስተኛ ምላጩ ምን ያህል እንደቀረው እዩ፣ ተስሎ ተስሎ ያለቀ አለ።

መዋዋስ ላይ ህጋችን አጭር ነች፣ የተሳለ መሮ ተውሰህ የደነዘ አትመልስም። ደብተሩ ላይ ስም፣ እቃ፣ ቀን ይፃፋል፣ ሲመለስ ጋሼ በጥፍራቸው ነካ አድርገው ያዩታል፣ ካልተሳለ እዛው ቁጭ ብለህ ስለህ ነው የምትሄደው። ግድግዳው ላይ ደሞ ኮምፔርሳቶ መትተን የእያንዳንዱን እቃ ቅርፅ በቀለም አስምረንበታል፣ የጎደለው እቃ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ማንም ማንንም "አንተ ወሰድክ" አይልም፣ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ይሄ በጣም ብዙ ኩርፊያ አድኖናል።

ስለት ካነሳሁ አይቀር፣ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናስተምረው መሳል ነው፣ አብዛኛው ሰው ይሰለቸዋል ግን የደነዘ መሮ ነው እጅ የሚቆርጠው፣ ስለምትገፋው፣ ስትገፋው ስለሚያመልጥህ። ጥሩ የመሳያ ድንጋይ ውድ ነው፣ ስለዚህ ወፍራም መስታወት ቁራጭ ከመስታወት ቤት ለምኑ፣ ከዛ ጋራዥ ለመኪና ቀለም የሚጠቀሙበትን በውሃ የሚሰራ የብርጭቆ ወረቀት ግዙ፣ 400፣ 800፣ 1200፣ 2000 እያለ የሚሄደውን፣ መስታወቱ ላይ በውሃ ለጥፋችሁ ከሸካራው ወደ ለስላሳው እየሄዳችሁ ሳሉ። መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ፣ ጠፍጣፋውን ጎን፣ ጫፉ አካባቢ እንደ መስታወት እስኪሆን፣ ይሄን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ ጀርባው ካልተስተካከለ ፊቱን (ሰያፉን ጎን) ብትስል ዋጋ የለውም። ፊቱን 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ጫፏን ብቻ ደሞ ወደ 30 ከፍ አድርጋችሁ። መሳሉን ለማየት የእጃችሁን ፀጉር አትላጩ፣ ለስላሳ እንጨት ጫፍ ላይ በመስመሩ ተቃራኒ ቁረጡበት፣ ሳይቦጭቅ ንፁህ ከቆረጠ ተስሏል።

እንጨቱ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ እዚህ አካባቢ እድለኞች ነን። ሲዳማ ውስጥ ገበሬው በማሳው ዳርና ቡናው መሃል የሚተክለው ግራቪሊያ አለ፣ ሰው ለማገዶ ነው የሚያስበው ግን በትክክል ከተሰነጠቀ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ያለው በጣም የሚያምር እንጨት ነው፣ የመሳቢያ ፊት ብታደርጉት ሰው ከየት አመጣችሁት ይላችኋል። አንድ ነገር ግን ቆዳ ያሳክካል አንዳንድ ሰው ላይ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ። የፈረንጅ ጽድ ደሞ ከሻሸመኔ ሙኔሳ በኩል ካለው የተተከለ ደን የሚመጣ በየእንጨት ቤቱ ሞልቷል፣ ለመጋዝ ለመላጊያ ቀላል ነው፣ ለመማሪያ አሪፍ፣ አንጓው ግን ይበዛል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው ለእግርና ለውጪ ነገር ጥሩ ግን ሲደርቅ እንደፈለገ ይጣመማል፣ ምስማር ስትመቱበት ይሰነጠቃል፣ ቀድማችሁ በድሪል ብሱት።

ዋንዛ የሁሉም ሰው ህልም ነው አውቃለሁ። የኛም ነው። ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጽድ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ገና በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ነው የተከለከለው፣ እና በርካሽ ማታ የሚመጣ ዋንዛ ካለ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። የማህበሩ ህግ ወረቀት የሌለው ዋንዛ ግቢው አይገባም ነው። ከገበሬ ጓሮ የተቆረጠ ወይ ከፈረሰ ቤት የወጣ ከሆነ እሺ። በተለይ የፈረሰ ቤት! ከተማው ውስጥ የድሮ ቤት ሲፈርስ በሩ፣ መስኮቱ፣ ወራጁ የደረቀ ዝግባና ዋንዛ ነው፣ አፍራሾቹ በማገዶ ዋጋ ይሸጡታል። የባጃጁ ልጅ ከተማውን ሲዞር ስለሚውል የሚፈርስ ቤት ሲያይ ይደውላል፣ ለኛ ከማንም ማሽን በላይ የጠቀመን የሱ ስልክ ነው ብል አላጋነንኩም። ምስማሩን ግን ሁሉንም አውጡ፣ አንድ የቀረ ምስማር የመላጊያ ምላጭ ይበላል፣ ማግኔት በእንጨቱ ላይ እያስኬዳችሁ ፈትሹ።

ሌላው ፓሌት ነው። ከውጪ እቃ የሚመጣበት ፓሌት ላይ የተተኮሰ ማህተም አለ፣ ኤችቲ (HT) የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው (የእንጨቱ መሃል 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ የቆየ ማለት ነው)፣ ኤምቢ (MB) የሚል ከሆነ ግን በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፣ እሱን ለቤት እቃ አትጠቀሙ። ዘይት ወይ ኬሚካል የፈሰሰበት የሚመስለውንም ተዉት።

እርጥብ እንጨት ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ የሚበሳጨው እዚህ ጋ ነው። ከእንጨት ቤት "ደረቅ ነው" ተብሎ የተሸጠ ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ብቻ ነው የደረቀው። በአየር ማድረቅ በግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ውፍረት ወደ አንድ አመት ነው የሚባለው፣ ለስላሳው እንጨት ይፈጥናል ጠንካራው ይዘገያል። እኛ ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በየጣውላው መሃል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እርብራብ አስገብተን፣ እርብራቦቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር እንዲሆኑ አድርገን፣ ጫፍ ጫፉን አሮጌ ቀለም ቀብተን (ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ከዛ ነው መሰንጠቅ የሚጀምረው) ጥላ ስር እንደረድራለን። መድረቁን በምን ታውቃላችሁ ካላችሁ እርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፣ ከዛው ክምር አንድ ቁራጭ አውጡና በየሳምንቱ መዝኑ፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ነርሷ ናት ይሄን ስራ የያዘችው፣ ደብተሯ ላይ ቀንና ግራም ትፅፋለች፣ ልክ የታካሚ ካርድ ነው የሚመስለው።

ደርቆም ደሞ መንቀሳቀሱን አያቆምም። ሐዋሳ በጋ ላይ ልክክ ብሎ የተሰራ መሳቢያ ሐምሌ ላይ አልከፈት ይላል፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነው። የሚያብጠው በስፋቱ ነው እንጂ በርዝመቱ ምንም አይልም ማለት ይቻላል፣ 40 ሴንቲ ስፋት ያለው ጣውላ ከበጋ ወደ ክረምት 3 እና 4 ሚሊ ቢሄድ አይግረማችሁ። ስለዚህ በጋ ላይ ስትሰሩ ክፍተት ተዉለት፣ የጠረጴዛ ፊት ስትመቱ በኮላ እግሩ ላይ አታጣብቁት፣ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርጉት ልቀቁት ይንቀሳቀስ። መምህሩ ይሄን ሲያስረዱ ሁሌ "እንጨቱን ለምን ታስሩታላችሁ ምን አጠፋ" ነው የሚሉት።

መጀመሪያ ምን እንስራ ለምትሉ፣ ባለ ሶስት እግር በርጩማ። ቁምሳጥን የሚጀምር ሰው አይጨርስም፣ አይቻለሁ። በርጩማ በቁራጭ እንጨት ይሰራል፣ ሶስት እግር ወለሉ ወጣ ገባም ቢሆን አይወዛወዝም፣ መሰርሰር፣ መግጠም፣ ሽብልቅ መምታት፣ ማለስለስ ሁሉም አለበት። ስታልቅ ደሞ ቡና ላይ ትቀመጥባታለህ። የማህበሩ አባል የሚሆነው ሰው የራሱን በርጩማ ሰርቶ ነው፣ እስከዛ ቆሞ ነው ቡና የሚጠጣው። የኢንዱስትሪ ፓርኳ ልጅ ቆማ መጠጣት ሰልችቷት ከሁላችን ቀድማ ነው የጨረሰችው፣ ያውም ወንዴና ሴቴው (እግሩና ቀዳዳው የሚጋጠሙበት) ውስጥ ብርሃን አይገባም፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ሚሊ ስትለካ የምትውል ሰው እኮ ናት።

ማለስለሱ ካለቀ በኋላ ቫርኒሽ ጥሩ ነው ግን ለጀማሪ የተልባ ዘይት ይቀላል፣ በጨርቅ ቀብቶ፣ ትንሽ ቆይቶ የተረፈውን ወልውሎ ማንሳት ነው። ጥሬው ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል ታገሱት። የምግብ ዘይት አትቀቡ፣ የፓልም ዘይት ቢከርምም አይደርቅም፣ አቧራ ሲሰበስብ ነው የሚኖረው። እና እባካችሁ ይቺን እንዳትዘሉ፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ተጨማዶ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ክብሪት ሳይጭር ራሱ በእሳት ይያያዛል፣ ሰጋቱራ ባለበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

የጋሼን ማሽን የሚነካው ጋሼ ካሉ ብቻ ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ጓንት፣ የተንጠለጠለ ነገር የለም፣ ጓንት ይከላከላል የሚመስለው ሰው አለ፣ የሚሽከረከር ነገር ላይ ጓንት እጅን ጎትቶ ነው የሚያስገባው። እና መብራት። መብራት ሲሄድ ሁሉም ሰው "ውይ" ብሎ ወሬ ይጀምራል፣ የማሽኑ ማብሪያ ግን እንደበራ ነው፣ ከሰላሳ ደቂቃ በኋላ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፣ ያኔ እንጨት የሚያስተካክል እጅ እዛ ላይ ቢኖርስ? መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚባለው "አጥፋ" ነው፣ ማን እንዳጠፋ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ከዛ ወሬ። አቧራውም ቀላል አይደለም፣ የእንጨት ብናኝ ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመደበ ቆይቷል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ነው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ያስታወቀው፣ ነርሷ በመጣች በሁለተኛው ቅዳሜ ነው ማስክ ያስለበሰችን። ስትጠርጉ ውሃ ርጩበት።

አሁን ወደ ኩርፊያው። ማህበራችን ሊፈርስ የደረሰው ሰው መሸጥ ሲጀምር ነው። ስራው ሲያምር ጎረቤት "ለኔም ስራልኝ" ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቅዳሜው በቀብድ፣ በ"ያንተ ደንበኛ የኔ ደንበኛ"፣ በ"የማህበሩን ኮላ ለትዕዛዝ ተጠቀምክ" ተሞላ። ቡናው ራሱ ፀጥ አለ፣ ሰው ጠጥቶ ቶሎ መሄድ ጀመረ። መጨረሻ ላይ የወሰንነው ቅዳሜ ላይ የሽያጭ ስራ አይሰራም፣ ዋጋም አይነሳም፣ ለሽያጭ የሚሰራ ሰው በሌላ ቀን ከጋሼ ጋር ተነጋግሮ የማሽኑንም የቦታውንም ከፍሎ ይስራ። ሁለት ሰው ወጣብን በዚህ ምክንያት፣ አንዱ ዛሬ የራሱ ቤት አለው ሰላም እንባባላለን ቁራጭ እንጨት ሁሉ ይልክልናል። ገቢ ፈልጋችሁ ከሆነ የምትደራጁት በንግድ ፈቃድ በግልፅ ተደራጁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱን መቀላቀል ነው የማይሆነው ባይ ነኝ። መምህሩ በዚህ አይስማሙም፣ ወጣቱ ካልሸጠ ለምን ይማራል ይላሉ፣ እስካሁን እንከራከራለን።

በነፃ የምንሰራው ግን አለ። ክረምት ላይ ተማሪ ሲበተን ሰፈር ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ዴስክ እንጠግናለን። ብረቱ ደህና ሆኖ ላዩ ቺፑድ የሆነው ነው የሚበዛው፣ ቺፑድ ውሃ ከነካው ያብጣል ይፈረፈራል፣ እሱን አንስተን ጣውላ በብሎን እንመታለን፣ በምስማር አይደለም፣ ምስማር ልጆቹ ሲወዘውዙት ይወጣና ልብስ ይቀዳል። እንጨቱን ወላጆች ያመጣሉ ጉልበቱ ከኛ ነው። ደስ የሚለው አባላቱ በጣም የሚቀራረቡት ያን ጊዜ ነው፣ ሁሉም አንድ አይነት ስራ ሲሰራ አዋቂና ጀማሪ የሚባል ነገር ይጠፋል፣ ስንጨርስ ወርደን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሳ እንበላለን፣ አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ ወፎች) እንደ ሽማግሌ ከበውን።

እና ለመጀመር አራት አምስት ሰው ይበቃችኋል፣ አንድ እውነተኛ አናጺ ግን የግድ ይኑር፣ እሱን ደሞ በነፃ አታስለፉት፣ እኛ ለጋሼ የግቢ ብለን በየወሩ እንሰጣለን፣ አልቀበልም ሲሉ ለልጃቸው ነው የምንሰጠው። ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን ክፈቱ። ሐዋሳ ያላችሁ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ቅዳሜ ነው፣ መሳሪያ አያስፈልግም፣ የተሸፈነ ጫማ አድርጉ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ቡና ይጠጣል እንጂ እንጨት አይነካም፣ ቡናው ደሞ የባጃጁ ልጅ ተራ ከሆነ እኔ የለሁበትም።